ሽፍታው የተያዘ ዕለት

አቶ ስዩም የሞቱት ሳሎናቸው ውስጥ፣ ከዓሣ ገንዳቸው ሥር ተዘርረው፣ ቀኝ እጃቸው እስከ ክርናቸው እንደረጠበ ነው። ኢንስፔክተር ወይንሸት መርሳ ስትደርስ የገንዳውን ውኃ ማሞቂያ የጠገነው ሲራጅ ታስሮ ነበር። ያሳሰሩት የሟቹ ወንድም አቶ ሀብቴ ናቸው። መቼም ሐዘን ያገኘውን ይዞ ነው የሚጮኸው። ሲራጅ ግን የአራት ልጆች አባት ነው፤ ነፍሰ ገዳይ መባሉ ወይንሸትን አልዋጥላት አለ።

ገንዳው ውስጥ አፉ የተቆረጠ ሃይላንድ ተጋድሟል። በውስጡ አንድ ጥቁር ዓሣ ይንቆራጠጣል።

«ይኼ ምንድን ነው፣ እትዬ በላይነሽ?» አለቻቸው የሟቹን ባለቤት።

«ሽፍታው ነው፣ ልጄ። ሌሎቹን እየነከሰ ሊፈጃቸው ነው። ስዩም ጠዋት በመረብ ቢል ቢል አልያዝ አለው። ወጥመድ ሊሠራለት ጓሮ ሃይላንድ ሲቆርጥ ትቼው ገበያ ወጣሁ። ‹ስይዘው እደውልልሻለሁ› አለኝ።»

«ደወሉ?»

«ለስድስት ሰዓት ሦስት ደቂቃ ጉዳይ። የግራና ገበያ ጫጫታ ጥሪውን አላሰማኝም።»

አቶ ሀብቴ ጣልቃ ገቡ። «ወንድሜ ሶኬት ሳይነቅል እጁን ውኃ ውስጥ አይከትም። የሲራጅ ጥገና ነው የፈጀው።»

ወይንሸት ሲራጅ በፕላስተር የጠቀለለውን ሽቦ አየችው፤ ምንም አልሆነም። የተሰነጠቀው የማሞቂያው ብርጭቆ ነው። ቀጥላ ሶኬቱን ጎንበስ ብላ አየች፤ ተሰክቷል። ያየችውን ባላየች ደስ ባላት። ከዚያ ወጥታ ፊት ለፊት ያለውን ባለወፍጮ ጠዋት የጠፋው መብራት መቼ እንደመጣ ጠየቀችው።

«ልክ ስድስት ሰዓት። ወፍጮዬን ያስነሣሁት ያኔ ነው።»

ለእትዬ በላይነሽ ለብቻቸው ልትነግራቸው በወደደች። ግን አቶ ሀብቴ ካልሰሙ ሲራጅ ቤቱ አይገባም። አስመጣችውና ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ጋሽ ስዩም ጠዋት ሶኬቱን ነቅለዋል» አለች። «በመረብ ሲታገሉ የብረት እጀታው ማሞቂያውን ሰነጠቀው። ከዚያ መብራት ጠፋ። ለስድስት ጉዳይ ሽፍታው ወጥመዱ ውስጥ ገባላቸው፤ ደወሉ። ሃይላንዱን ሊያወጡ እጃቸውን ሲከቱ መብራት መጣ።»

«ሶኬቱ ከተነቀለስ?» አሉ አቶ ሀብቴ።

«ጋሽ ስዩም ጓሮ ሳሉ ተመልሶ ተሰክቷል። ሶኬቱ ላይ ሊጥ ደርቆበታል።»

እትዬ በላይነሽ እጃቸውን አዩ።

«እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ሊጥ አቡክቼ፣ ልወጣ ስል ተነቅሎ አየሁት። መብራት ሲመጣ ይሙቃቸው ብዬ… እሱ ለዓሦቹ ሲሳሳ እንዳይበርዳቸው ብዬ።»

አቶ ሀብቴ አንገታቸውን ደፉ። ሲራጅ ተፈትቶ እንኳ አልሄደም፤ እትዬ በላይነሽ እግር ሥር ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እሳቸው ግን ወደ ወይንሸት ዞሩ።

«ይዞት ነበር የደወለልኝ?»

«አዎ፣ እትዬ። ይዘውት ነበር።»

ስልካቸውን ከመቀነታቸው አውጥተው ያላነሡትን ጥሪ አዩት።

«ባነሣለት ኖሮ» አሉ፣ «መብራቱ ሲመጣ ከእኔ ጋር እያወራ ይሆን ነበር።»