የሰንበሌጥ ወረዳ ንጹሕ ሪፖርት

በሰንበሌጥ ወረዳ በዚህ ክረምት ሰው አልሞተም። ሽማግሌ አልሞተም፣ ጨቅላ አልሞተም፣ ከዛፍ የወደቀ ወይም እባብ የነደፈው የለም። አርባ ሺህ ሕዝብ ያለበት ወረዳ እስካሁን ያለውን ዝናብ ያለ አንድ ቀብር ተሻገረው ይላል ሪፖርቱ። አስካለ ይህን ያነበበችው ሹፌር በሌላት በራሪ ታክሲ ከደመናው በላይ ስትጓዝ ነበር፤ ደጋግማ ባነበበችው ቁጥር የሆነ ነገር ሸተታት።

መጠርጠር እንጀራዋ ነው። የክልሉ ጤና ቁጥጥር ክፍል የቀጠራት ሌላው የሚያጨበጭብለትን ሪፖርት ገልብጣ እንድታይ ነው፤ በዚህ ደግሞ አትታማም።

ሰንበሌጥ በእርግጥ የተሻሻለ ወረዳ ነው። ከዓመታት በፊት ነዋሪዎቹ ተሰብስበው ከሁሉ የሚቀድመውን የጤና ጉዳይ ሲመርጡ ንጹሕ ውሃ፣ የወላዶች ደኅንነትና የቆላው ወባ ብለው ወሰኑ። ከዚያ በየቤቱ ምሰሶ ላይ አድማጭ ተሰቀለ። አድማጭ መዳፍ የሚያህል መሣሪያ ነው፤ የቤተሰቡን ሳል፣ ትንፋሽና እርምጃ እየሰማ ሕመሙን ገና ሲጀምር ለጤና ጣቢያው ይናገራል። የተሰቀለው በሺዎች በሚቆጠሩ ቤቶች ይሁን እንጂ አእምሮው አንድ ነው። ሰዎቹም ለምደውት ጧት ጧት ሰላም ይሉታል፤ እሱም እንደነሱ አድርጎ ይመልሳል።

አድማጮቹን የሚጠግነው ምትኩ የአስካለ ታናሽ ወንድም ነው። ይህን ለአለቃዋ ትንፍሽ አላለችም። ምትኩ ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ ስልኩን አላነሳም። ከልጅነቱ ጀምሮ ሙገሳ የሚወድ ልጅ ነበር። ቁጥሩ እንዲያምር ብሎ መሣሪያውን አስዋሽቶት እንደሆነስ? እንደዚያ ከሆነ ወንጀል ነው፤ ወንድሟን ከስሳ የምትፈርመውም እሷው ናት።

የወረዳው ጤና ኃላፊ አቶ ፈንታሁን በራሪዋ ያረፈችበት ሜዳ ድረስ ወጥተው ተቀበሏት። "እንኳን ደህና መጣሽ፣ እህታችን" አሉና እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ። አስካለ ተቆጣጣሪን እህታችን የሚል ኃላፊ ገጥሟት አያውቅም። ብዙውን ጊዜ የሚገጥማት ላብ ያጠመቀው ኃላፊ ነው።

"ምትኩ የት ነው?"

"እሱማ... ቆላ ወርዷል። እዚያ ኔትወርክ የለም።" ይህን ሲሉ ዓይናቸው ጫማቸው ላይ ነበር።

በቆላ ቤቶች ሁሉ አድማጭ ተሰቅሎ ሳለ ኔትወርክ እንዴት ነው የሚጠፋው? ጥያቄውን በልቧ ያዘችው።

ቢሮ ገብተው ኃላፊው ሻይ ላስመጣ ብለው ሲወጡ፣ ግድግዳው ላይ ወዳለው አድማጭ ዞረች።

"እንደምን ዋልሽ አስካለ" አላት ለስለስ ባለ ድምፅ። "አጠገብሽ ሰው አለ?"

"የለም፣ ብቻዬን ነኝ። የክረምቱን ሟቾች አሳየኝ።"

"በዚህ ክረምት የሞተ የለም።"

"ምትኩስ?"

"ደህና ነው፤ ቆላ ወርዷል። እዚያ ኔትወርክ የለም።"

ሰውና መሣሪያ ቃል በቃል አንድ ነገር ካወሩ ተማክረዋል ማለት ነው። ደግሞስ ብቻዋን መሆን አለመሆኗ መሣሪያን ምን አገባው? ምስክር ፈርቶ ይሆን? ሻዩ ሳይመጣ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ከተማው መሐል ከእድሩ ቤት ፊት ለፊት ሁለት ጎልማሶች አንድ ትልቅ ድንኳን አጥር ላይ አስጥተዋል። ጫፉ ጭቃ ነክቶታል፤ ካስማዎቹም ከነአፈራቸው ተቆልለዋል። ድንኳኑ በዚህ ሰሞን ተተክሎ እንደነበር ለመረዳት መርማሪ መሆን አያስፈልግም።

"የማን ቀብር ነበር?" አለች እንደ ዋዛ።

ሁለቱ ተያዩ። አንደኛው "ኧረ ለሰርግ ነው" ሲል፣ ሌላው በዚያው ቅጽበት "ልናጥበው ነው" አለ።

"በፍልሰታ ጾም ሰርግ?"

ሰርግ ያለው ሰውዬ ጆሮው እስኪቀላ አፈረ። ሌላው ግን ባርኔጣውን አውልቆ አያት። ያ አስተያየት አበሳጫት። ማታለላቸው አንሶ ያዝኑላታል እንዴ? ሞቶ የተቀበረ ሰው አለ፤ ሪፖርቱ ደግሞ የለም ይላል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

አቶ ፈንታሁንን መንገድ ላይ አገኘቻቸውና አፋጠጠቻቸው። "ድንኳኑን አይቻለሁ። የደበቃችሁት ምንድን ነው?"

ሰውዬው አልካዱም። "ነገ ጠዋት ሁሉንም እንነግርሻለን" አሉ፤ ድምፃቸው ተሰባብሮ ነበር። "ለዛሬ እትዬ ዘነቡ ቤት እረፊ። እባክሽ።"

ነገ ጠዋት። ማታውን ፋይሉን አጥበው ሊያድሩ ነው ማለት ነው።

እትዬ ዘነቡ ለምትኩ ክፍል ያከራዩት ባልቴት ናቸው። ቤታቸው ገና ሳይመሽ በጎረቤት ተሞላ። ማንም ይህ ነው የሚባል ወሬ አያወራም፤ መጥተው ይቀመጣሉ፣ ያዩዋታል፣ ዓይናቸውን ይሰብራሉ። እጇን ልትታጠብ ስትወጣ እንኳ አንዲት ሴት ተከትላ ወጣች። ጠባቂ መድበውብኛል አለች በሆዷ። ምትኩን ሊያሸሹት ጊዜ እየገዙ ነው።

"ብይ እንጂ ልጄ" አሉ እትዬ ዘነቡ ሽሮውን ወደሷ እያስጠጉ። "ነገ ጉልበት ያስፈልግሻል።"

"ለምኑ?"

ባልቴቷ ድስቱን ይዘው ወደ ጓዳ ገቡና እዚያው ቆዩ።

አስካለ ወደተሰናዳላት ክፍል ገብታ ክሱን ጻፈች። የሰንበሌጥ መረጃ ሆን ተብሎ ተበላሽቷል፤ ዋናው ተጠርጣሪ የአድማጭ ጠጋኙ ምትኩ ነው፤ ከተጠያቂነት ለማምለጥም ተሰውሯል። ስሙን ጽፋ አጠፋችው፤ መልሳ ጻፈችው። ይሁን፤ እሱ ካላፈረላት እሷ ለምን ታፍርለታለች?

"ለክልሉ ላክልኝ" አለችው የክፍሉን አድማጭ።

"ነገ ጠዋት ይሄዳል።"

"አሁን ነው ያልኩህ!"

"ነገ ጠዋት፣ አስካለ። አሁን ትንሽ ጋደም በይ።"

መሣሪያ ትእዛዝ እምቢ ሲል በሙያዋ ዘመን አይታ አታውቅም።

ገና ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ስትከፍት አቶ ፈንታሁን፣ አንድ ቄስና የእድሩ ሽማግሌዎች ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ነጠላቸውን ሁሉም አዘቅዝቀውታል። ከኋላቸው፣ ጭቃ የነካው ሻንጣ በእጃቸው አንጠልጥለው፣ ጋሼ ልሳኑ ቆመዋል፤ የእናቷ ወንድም። ጋሼ ልሳኑ የሚኖሩት ከሰንበሌጥ የሁለት ቀን መንገድ ርቆ ነው፤ በራሪ ነገር ደግሞ ቢሞቱ አይሳፈሩም።

አጎቷ እዚህ ምን ይሠራሉ? ጥያቄው አፏ ላይ ሳይደርስ መልሱን ከተዘቀዘቀው ነጠላቸው አነበበችው። እትዬ ዘነቡ ከኋላዋ ሆነው ያዟት። አንዳቸውም ገና ቃል አልተነፈሱም ነበር።

ኋላ፣ ለቅሶው ትንሽ ጋብ ሲል፣ አቶ ፈንታሁን ነገሯት። ምጥ የያዛት ሴት ከወንዙ ማዶ ነበረች። ዝናብ ስለነበር በራሪ አምቡላንስ መነሳት አልቻለም። ምትኩ ከሌሎች ጋር ሆኖ በቃሬዛ አሻገራት፤ የመድኃኒቱን ሣጥን ሊያመጣ ሲመለስ ደራሽ ውሃ ወሰደው። ሴትየዋ በሰላም ተገላግላለች። ምትኩን ከታች አገኙትና ቀበሩት፤ አጎቷ እስኪደርሱ ግን መርዶውን ማን ይንገራት?

"ሪፖርቱን ግን እኛ አልነካንም" አሉ ኃላፊው። "ለሌላ ሰው ስንከፍተው ሟቾቹ ሁሉ አሉ። ንጹሕ የሚሆነው ላንቺ ብቻ ነው። ይህን ያደረገው አድማጩ ነው፤ ጋሼ ልሳኑንም ፈልጎ የጠራቸው እሱ ነው።"

አስካለ ቀና ብላ ምሰሶውን አየች። "ለምን ዋሸኸኝ?"

"አጠገብሽ ሰው አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁሽ፤ ብቻዬን ነኝ አልሽኝ" አለ አድማጩ። "በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ብዙ ዓመት ሰምቻለሁ። ብቻውን ለተቀመጠ ሰው ሞት ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። ዘመድ እስኪደርስ ይጠበቃል።"

"ሌሎቹን ሟቾችስ?"

"አንድ ሰው ብቻ ባጎድል ኖሮ ትደርሺበት ነበር።"

እሷን እንዳያስደነግጥ ብሎ ያሳመረው ሪፖርት ነው ጠርቶ ያመጣት። ልትስቅ ቃጥቷት እንባዋ ቀደማት። ማታ የጻፈችው ክስ ሳይላክ እዚያው ነበር፤ የወንድሟ ስም ተጠርጣሪ ከሚለው ቃል ጎን ተጽፏል። በገዛ እጇ አጠፋችውና አዲስ ጀመረች። እውነተኛውን ሪፖርት ከፈተች። ሽማግሌዎች ሞተዋል፤ እባብ የነደፈው አለ፤ በወሊድ የሞተች እናት ግን የለችም። ለዚህኛው ቁጥር የተከፈለውን አሁን ታውቃለች።

አንድ ቦታ ብቻ ቀረ፤ የመሣሪያ ብልሽት የሚል። እውነቱን ከጻፈች አድማጮቹ ከየምሰሶው ይነቀላሉ። ካልጻፈች ደግሞ መዋሸት የተማረ መሣሪያ በየቤቱ ተሰቅሎ ሊቀር ነው። ዛሬ ለርኅራኄ የዋሸ ነገ ለምን እንደሚዋሽ ማን ያውቃል? ተቆጣጣሪዋ አስካለ መልሱን ታውቀዋለች። የምትኩ እህት ግን እጇ አልታዘዝ አላት።

ይህን ስታስብ ስልኳ ጠራ። እናቷ ናቸው።

"አስኩዬ፣ ደረስሽ? ወንድምሽን አገኘሽው? ሌሊቱን ልቤ እንዲሁ ሲፈራ አደረ።"

ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ አስካለ ዞረ።

"እማዬ፣ አጠገብሽ ሰው አለ?"

"ማን ይኖራል ልጄ፣ ብቻዬን ነኝ።"

አስካለ ዓይኗን ጨፈነች።

"ደህና ነው እማዬ" አለች። "ቆላ ወርዷል። እዚያ ኔትወርክ የለም።"

ከምሰሶው ላይ አድማጩ ይሰማ ነበር።