የፌይ ማንኪያ

መርል ትሬዚዝ የተገኘችው በልብስ ማጠቢያ ክፍሏ ወለል ላይ፣ እስከ አንገቷ ነጭ አረፋ ለብሳ ነው። ማሽኑ ገና እየዞረ ነበር። የልጇ ሚስት ሊጋያ፣ ኦይስተር የሚባለው ባለ ቅርፊት የባሕር ምግብ ከሚጸዳበት መጋዘን ከሥራ ስትመለስ፣ መጀመሪያ ያየችው ከበሩ ሥር ሾልኮ ደረጃውን የሸፈነውን አረፋ ነው። ወተት የተደፋ መሰላት። ገብታ አማቷን ስታገኝ ሶኬቱን ነቀለችና አጠገቧ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ በጆሮዋ ውስጥ መዞሩን አላቆመም።

እኛ የቴልፈር ቤይ ሰዎች ወሬ ስንወድ ለጉድ ነው። ሬሳው ሳይነሳ «ፌይ ናት» ተባለ። ፌይ የመርል ታናሽ እህት ነበረች። ከቤቱ ጀርባ፣ ከመሬት በታች ባለው የዝናብ ውሃ ጉድጓድ ውስጥ ገና ሕፃን ሳለች ሰጥማ ሞታለች። ክዳኑን ከፍታ የረሳችው መርል ናት ተብሎ፣ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለች የተለጠፈባት ነገር እስከ እርጅናዋ አልለቀቃትም። ማሽኑ የሚጠጣው ከዚያው ጉድጓድ ነው። እና ልጅቷ በቧንቧው መጥታ እህቷን ወሰደቻት አልን። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ፊት እንስቅበታለን፤ ቤታችን ገብተን ግን ቧንቧውን ደጋግመን እናጠብቃለን።

የአካባቢው ፖሊስ በመንፈስ አላመነም። አረፋው አንሸራቷት የሲሚንቶው ገንዳ ጠርዝ ጭንቅላቷን መታት ብሎ ደመደመ። የመርል ወንድም ላይል ደግሞ የጎደለውን ሞላው። «ያቺ ልጅ ሳሙና ታበዛለች» አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በማግስቱ ዳቦ ቤቱም፣ ወደቡም ይህንኑ ያወራ ነበር። እውነትም ሊጋያ ከፊሊፒንስ ሙሽራ ሆና የመጣች ሰሞን ማሽኑን አረፋ አስተፍታው ቤተ ዘመድ ለዓመታት ስቆባታል። በዚያ ጠዋት አንሶላ ከታ፣ ማሽኑን አስነስታ ነው ወደ ሥራ የሄደችው። ስለዚህ አማቴን የገደልኳት እኔ ነኝ ብላ አመነች። ባሏ ከቱና ዓሣ አጥማጆች ጋር ባሕር ላይ ነበር፤ እናቱን ለመቅበር ሲመለስ በምን ዓይኔ አየዋለሁ እያለች ምግብ አስጠላት።

ሳጅን ዶራ ሉክሲች የሞቱን ምክንያት ልታጣራ ከከተማ የመጣችው በዚህ መሃል ነው። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት፤ ወፍራም፣ ንግግሯ ዝግ ያለ፣ ዓይኗ ግን የማይተኛ። ሬሳውን አየች። የገንዳውን ጠርዝ በጣቷ ዳበሰችና ሊጋያን የጠየቀቻት ስለ ሳሙናው ነበር።

ሊጋያ የሳሙና ዱቄቱን የመስታወት ማሰሮ አሳየቻት። መርል በየወሩ መጀመሪያ ጢም አድርጋ ትሞላዋለች፤ ወሩ ገና መግባቱ ነበር፤ ማሰሮው ግን ጎድሏል። ከቧንቧው አጠገብ የተሰቀለው የቆርቆሮ ኩባያ ውስጡ ነጭ ዱቄት ደርቆበታል።

«በዚህ ነው የምትሰፍሩት?» አለች ዶራ።

«ኧረ በፍጹም! እሱ ውሃ የምንጠጣበት ነው። ሳሙናው የራሱ ማንኪያ አለው። የፌይ ማንኪያ ነው፤ ሕፃን ሳለች የምትበላበት። እማ መርል ሰፍራ ወደ ማሰሮው ሳትመልሰው ቀርታ አታውቅም። አንድ ማንኪያ ብቻ፤ ይህ ማሽን ጥቂት ውሃ ነው የሚጠጣው፣ የዝናብ ውሃ ደግሞ ቶሎ አረፋ ያወጣል ትለኛለች።»

«ታዲያ ማንኪያው የት አለ?»

ሊጋያ ማሰሮውን በጣቷ ፈተሸች። አልነበረም። ዶራ መደርደሪያውን ስትጎረጉር፣ ላይኛው ላይ ከአሮጌ ሳሙናዎች ጀርባ፣ ፊቱ ወደ ግድግዳው የዞረ ትንሽ የብር ማንኪያ አገኘች። ሊጋያ ተቀብላ አገላበጠችው። እማ ብትሆን እንዲህ አትደብቀውም አለች።

ከዚያ ዶራ ማሽኑን ከፈተች። ከውስጡ አንሶላ አልወጣም። በረንዳው ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ የሚነጠፈው የሱፍ ምንጣፍ ነበር፤ መሃሉ ላይ የተጋገረ ቡናማ እድፍ አለበት። የማሽኑ መዘውር በጣም ሙቅ ውሃ ላይ ቆሟል። ዶራ ምንጣፉን ወደ ብርሃን ይዛ እድፉን መረመረች።

ዶራ የመርል ጎረቤት ኖላ ጋ ስትሄድ፣ አሮጊቷ ዓይኗ በልቅሶ አብጦ ጠበቃት። ከመርል ጋር አብረው ያረጁ ናቸው፤ ማሽናቸውም የሚጠጡት የዝናብ ውሃም አንድ ዓይነት ነው። በር አካባቢ በቅርጫት የታጠፉ አንሶላዎች ነበሩ።

«የመርል ናቸው» አለች ኖላ። «ጠዋት ራሷ ስታሰጣቸው በአጥሩ ላይ ተጨዋውተናል። በኋላ ነፋስ ሲነሳ አወረድኩላት። በድንጋጤ እኔው ጋ ቀሩ።»

«ያን ቀን እንግዳ ነበራት?»

ኖላ አቀረቀረች። ከሞቷ በፊት በነበረው እሑድ ለመርል አንድ ነገር እንደነገረቻት፣ እሱም የራሷ የኖላ እናት በሞት አልጋ ላይ ስለ ጉድጓዱ ክዳን የተናዘዘችው እንደሆነ ተናገረች። መርል ሰምታ እንዳላለቀሰች፣ ሰው እጠራለሁ ብቻ እንዳለች ጨመረች። ማንን እንደሆነ ግን ሬሳ ሳይቀበር አልናገርም አለች። ዶራ አልተጫነቻትም።

ላይል ከሩቅ፣ ከበግ እርባታው እንደመጣ በእህቱ ወጥ ቤት አርፎ ነበር። ጉድጓዱ በሚታይበት መስኮት ፊት አልቀመጥ ብሎ ወንበሩን አዙሯል። ከፋሲካ ወዲህ እዚህ ቤት አልረገጥኩም፣ ሞቷንም በስልክ ነው የሰማሁት አለ። ዶራ ሻይ ቀዳችለትና ስለ ሻዩ አወራችው።

«እናንተ ጋ ሻዩ እንዲህ አይጥምም ይባላል።»

«ምን ይጥማል? ውሃችን ከመሬት ሆድ ነው የሚወጣው፤ ጨው ነው። ሳሙናማ ይበላል! አንዲት ሸሚዝ ለማጠብ ኩባያ ሙሉ ካልደፋሽ አረፋ የሚባል አታዪም።»

«ማሽንዎም ያን ሁሉ ሳሙና ይችላል?»

«ማሽኔ አሮጌ ነው። እንደ ባለቤቱ ሁሉን ይችላል» ብሎ ሳቀ። ዶራም አብራው ፈገግ አለች።

በማግስቱ ጠዋት ሊጋያን፣ ኖላንና ላይልን በዚያው ወጥ ቤት ሰበሰበቻቸው። ምንጣፉን በወረቀት ጠቅልላ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ ማንኪያውን አጠገቡ። ላይል ማንኪያውን ሲያይ ዓይኑን ወደ ጣሪያው አነሳ።

ዶራ መጀመሪያ የተናገረችው ለሊጋያ ነው። «አንቺ ያስነሳሽው እጥበት በሰላም አልቋል። መርል በእጇ አስጥታዋለች፤ እትዬ ኖላ አውርዳዋለች። አንሶላው ንጹሕ ነው፣ ሳሙናም አልቀረበትም። ወለሉ ላይ የነበረው አረፋ የሌላ እጥበት ነው። አማትሽን አልገደልሽም።»

ሊጋያ አፏን በእጇ ያዘች። ኖላ ወንበሯን አስጠግታ አቀፈቻት።

ከዚያ ዶራ ሌላውን በዝግታ አስረዳች። የገንዳው ጠርዝ ላይ የሰው ፀጉርም ደምም አልነበረም፤ የበረንዳው ድንጋይ ደረጃ ግን አንድ ቦታ ብቻ ተፈግፍጎ ታጥቧል። መርል የወደቀችው እዚያ ነው። ደሟ የነካውን ምንጣፍ ሊያጥብ የፈለገ ሰው ማሽኑ ውስጥ ከተተው፤ እሷንም ተንሸራታ የወደቀች እንድትመስል ተሸክሞ እዚያው አስተኛት። ደም በፍል ውሃ እንደሚጋገር የማያውቅ ሰው ነው። ሳሙናው ሲበዛ ደግሞ ማሽኑ አረፋውን ለማጥፋት ደግሞ ደጋግሞ ማለቅለቅ ይጀምራል፤ ለዚህ ነው ሊጋያ እስክትመጣ ያላቆመው።

«ይህ ማሽን የሚያጥበው ልብሱን እያነሳ፣ እየጣለ፣ እርስ በርሱ እያሸ ነው» አለች። «አረፋ ከሞላው ልብሱ አረፋው ላይ ተኝቶ ይውላል፣ አይታሽም። ሳሙናውን ያበዛው ሰው እድፉን አስቀመጠልኝ። የዝናብ ውሃ የለመደ ሰው ይህን አይሳሳትም። ሊጋያ አንዴ ተሳስታ ተምራለች፤ እትዬ ኖላ ይኸው ማሽን አላት። ኩባያ ሙሉ የሚደፋው ውሃው ጨው የሆነበት ሰው ነው።»

ላይል ጉሮሮውን ጠረገ። «በሳሙና ሰው ይከሰሳል እንዴ?»

«በሳሙና ብቻ አይደለም። ማንኪያው ማሰሮው ውስጥ ነበር። ዱቄት ለመስፈር ከማንኪያ የቀረበ ነገር የለም። ሰውዬው ግን አውጥቶ ደበቀው፣ ፊቱንም ወደ ግድግዳ አዞረው። የማንኪያውን ባለቤት የሚፈራ ሰው ነው። እትዬ ኖላ፣ አሁን ንገሪን።»

ኖላ ላይልን አላየችውም። «ሳትቀበር አልናገርም ብዬ ነበር። እናቴ ያኔ በአጥሩ ላይ አይታለች። ክዳኑን ከፍቶ ውሃ ጠጥቶ የሄደው ላይል ነው። ጎረቤት እንዳይጣላ ብላ ዋጠችው።»

 ከውጭ የጉድጓዱን ክዳን ነፋሱ ሲያንኳኳው ይሰማ ነበር። ላይል ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«ጠርታ በል አሁን ጥፋቱን አንተ ተሸከመው አለችኝ» አለ። «ለሰው ሁሉ እናገራለሁ አለች። በዚህ ዕድሜዬ አታዋርጂኝ አልኳት። ክንዴን ያዘችኝ፣ ገፋኋት። ልገድላት አልነበረም። ከዚያ ማሰሮውን ስከፍት ያ ማንኪያ... ያ የልጅቷ ማንኪያ እዚያ ሳሙና ውስጥ ቆሞ ያየኛል።»

ዶራ እስከዚያች ደቂቃ እርስዎ ስትለው ቆይታለች። «አንድ ጊዜ የአሥር ዓመት እህትህን አሸከምካት» አለችው። «ዕድሜዋን ሙሉ። አሁን ደግሞ ይቺን ልጅ ልታሸክማት ነበር። ተነስ።»

ከወሰዱት በኋላ ሊጋያ መርል የምትቀበርበትን ሰማያዊ ቀሚስ ከቁም ሣጥን አወጣች። ናፍታሊን ናፍታሊን ይሸት ነበር። ወደ ማጠቢያ ክፍሉ ለመግባት ደጁ ላይ ቆማ ፈራች፤ ኖላ አብሬሽ ልግባ ብትላት ግን እምቢ አለች። በፌይ ማንኪያ አንድ ጊዜ ሰፍራ ጨመረችና ማንኪያውን ወደ ማሰሮው መለሰችው።

ማሽኑ ዞረ። በመስታወቱ ውስጥ ሰማያዊው ቀሚስ ይነሳል፣ ይወድቃል፤ አረፋው ስስ ነበር። ሊጋያ ወለሉ ላይ፣ አማቷ በተኛችበት ቦታ ተቀምጣ እስኪያልቅ ጠበቀች። በመጨረሻ ከበሮው እየዘገየ፣ እየዘገየ መጥቶ ቆመ። ጆሮዋን አቅንታ አዳመጠች። በውስጧም ቆሞ ነበር።