ያልታጠበው ሻል

«ጸጥታ!» አለች አክስት ሳሎኑ መሃል ቆማ። «ሻሉ አልቋል።»

ማንም አላጨበጨበም፤ ሁሉም ትንፋሹን ይዞ ነበር። ሚጡ እረፍቷን ሙሉ በሁለት የሹራብ መርፌ ያንን ሻል እንደ ሽንብራ ጉብ ጉብ ያለ ፍሬ እያስወጣች ስትሠራ፣ አፍንጫዋ ውስጥ እርጥብ በግ ተኝቶ የከረመ ይመስላት ነበር። አክስቷ የበጉን ጠጉር ሳታጥብ ነው የፈተለችው። ወዙ ካለበት ክሩ እሺ ብሎ ይጠመዘዛል ትላለች፤ እውነቷን ነው። ሥራው ሲያልቅ ግን መታጠብ ነበረበት።

«አሁንማ እንጠበው» አለች ሚጡ። ጣቶቿ በቅባት ተለቅልቀው አንገሸገሿት።

«ውሃ? ያ ሁሉ ፍሬ ተኝቶ ምንጣፍ እንዲሆንልሽ?» አለች አክስት።

ሚጡ ሻሉን ገልበጥ አድርጋ አየችው። ስንቱን ፍሬ ተርትራ እንደገና እንደሠራችው የምታውቀው እሷ ናት።

«ደግሞ ምን አለው?» አለች እናቷ በአፏ እየተነፈሰች። «የተፈጥሮ ሽታ ነው።»

«እማዬ፣ እበትም እኮ ተፈጥሮ ነው።»

«አፍሽን ያዢ! የወንድምሽ እጮኛ እናት ናቸው የሚመጡት። እንዳታሳፍሪን።»

እንግዳዋ መጡ። አክስት ሻሉን ስጦታ ብላ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው። «ክሩ የኔ፣ እጁ የሷ!» አለች ወደ ሚጡ እያመለከተች።

«እጅሽ ይባረክ፣ የኔ ልጅ። እንዴት ይሞቃል!»

ሞቀ። እሳቸው ሲሞቃቸው ሻሉም ሞቀ፤ ሻሉ ሲሞቅ በጉ ተነሳ።

«ቤቱ ራሱ ደመቀ» አለ ወንድሟ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ።

የእንግዳዋ ዓይን እንባ አቀረረ።

«ደስ ብሏቸው ነው» ብላ አክስት ለሁሉም አስረዳች።

እንግዳዋ ፈገግታቸውን ሳያጠፉ ተነሱ፤ ሄደው መስኮቱን ከፈቱ። ወንድሟ ሁለተኛውን መስኮት ከፈተ። አባቷ በሩን። ማንም ማንንም አላየም።

ሚጡ ተነስታ ሻሉን ከትከሻቸው ላይ ቀስ ብላ አነሳች። «ይቅርታ፣ እማማ።»

«ፍሬዎቹ!» አለች አክስት በሹክሹክታ።

ሚጡ ጓዳ ገብታ ሳፋው ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ሞላች። እያንዳንዷን ፍሬ በጣቷ ዳበሰች። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ሻሉን ነከረችው።