ሰፊው ጉሮሮ

የጀልባዋ ሞተር እንደገና ጠፋ። ኩንቲያ የእማማ ዪን ተንሳፋፊ ቤት ጋ ለመጠጋት ፍጥነቷን ስትቀንስ፣ አንዴ ሁለቴ አስሎ ዝም አለ።

«ሪቲ፣ እንዳትዘል!»

የእማማ ዪን የልጅ ልጅ፣ ኩንቲያ በየጠዋቱ ትምህርት ቤት የምታደርሰው የስድስት ዓመቱ ሪቲ ግን አንድ እግሩን ጀልባዋ ላይ አሳርፎ ነበር። ጀልባዋ ስትሸሽ ከነቦርሳው ሐይቁ ውስጥ ገባ። ሪቲ ዋና ያውቃል፤ የሐይቅ ልጅ ነው። ነገር ግን ነፋሱ ጀልባዋን ወደ ቤቱ መልሶ ገፋት፤ ልጁ ደግሞ በመሃል ነበር።

ኩንቲያ እግሯን ከቤቱ ግንድ ጋር አስደግፋ ጀልባዋን ያዘች። በአንድ እጇ የቦርሳውን ማንገቻ ጨምድዳ ጎተተችው። ሪቲ ውሃ እየተፋ ወጣና ሳቀ።

«ድሮ እንኳ ቀስ ብለሽ ነበር የምትጠጊው፣ የኔ ልጅ» አሉ እማማ ዪን።

የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ፒሴት በራሱ ጀልባ እያለፈ ጮኸ፦ «ኧረ ፍጠኚ! እነቦራ ሊቀድሙን ነው!»

ሰፊውን ካርቡራተር፣ አየርና ቤንዚን ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠውን ዕቃ፣ የሰጣት እሱ ነው፤ ከወንድሙ ትልቅ ሞተር ላይ ፈትቶ። ከዚያ በፊት ትምህርት ቤት ሁሌም የመጨረሻ የምትደርሰው ኩንቲያ ነበረች፤ የትምህርት ቤቱ ልጆች እነቦራም «ዔሊቱ መጣች!» እያሉ ይቀበሏት ነበር። ካርቡራተሩ ከተቀየረ ወዲህ ግን የሚቀድማት ጠፋ። ቦራ እንኳ አንድ ቀን ጀልባዋን ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ «ምን እየቀለብሻት ነው?» ብሏታል።

ከሰዓት በኋላ እቤቷ ደጃፍ ላይ ሞተሩን አስነሳችና ፍጥነቱን ቀነሰች። መንተፋተፍ ሲጀምር የካርቡራተሩን አፍ በመዳፏ ግማሽ ሸፈነችው። ሞተሩ ነፍስ ዘራ። እጇን ስታነሳ ጠፋ።

«አየህ?» አለችው አጠገቧ የቆመውን ፒሴትን። «የካርቡራተሩ ጉሮሮ ለዚህ ሞተር ሰፊ ነው። ስበር አየሩ በኃይል ስለሚገባ ቤንዚኑን ይስባል። ቀስ ስል ግን አየሩ ይደክማል፣ ሞተሩ ጋ ቤንዚን አይደርስም።»

«እና ቀስ አትበያ!»

«ታዲያ እማማ ዪን ሪቲን ወርውረው ያቀብሉኝ?»

ፒሴት ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን አቆመ። «ምንም አልሆነም እኮ። ደብተሩ ብቻ ነው የረጠበው።»

«እግሬ ግንዱ ጋ ባይደርስስ?»

«አሮጌውን ከመለስሽ ነገ እነቦራ ምን እንደሚሉሽ ታውቂያለሽ አይደል?» አላት።

ኩንቲያ ታውቃለች። የቦራ ሳቅ ከአሁኑ ጆሮዋ ላይ አቃጨለ። ከሞተር ሽፋኑ ሥር ጠባቡን አሮጌ ካርቡራተር አወጣች። ቤንዚን የምታልፍባትን ቀጭን ቀዳዳ ወደ ብርሃን አድርጋ አየቻት፤ ደለል ዘግቷታል። እፍ ብላ አጸዳቻት።

«አስራ ሁለት ቁጥር መፍቻ አቀብለኝ።»

ፒሴት መፍቻውን ይዞ ትንሽ አመነታ። ከዚያ ሰጣት፤ እሱም አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ የቤንዚኑን ቱቦ ያዘላት።

«አንደኛ መሆን ግን ደስ ይል ነበር» አለች ብሎኑን እየፈታች።

«በጣም እንጂ!»

«በጣም» አለችና ሰፊውን ካርቡራተር አውልቃ እጁ ላይ አኖረችለት።