የዘጠኝ ደቂቃ ክፍተት

የውብዳር ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ስትገባ እንደ ልማዷ መጀመሪያ ያደረገችው ቆሞ ማዳመጥ ነው። ኮምፒውተር ስትጠግን ከዓይኗ ይልቅ ጆሮዋን ታምናለች። የማራገቢያው ሹክሹክታ፣ የሦስቱ የማሞቂያ ሳጥኖች ዝቅ ያለ እምምታ፣ ከሦስተኛው ሳጥን ደግሞ የማያባራ ቀጭን ለቅሶ ተሰማት። የምታለቅሰው የእህቷ የሰናይት ልጅ ናት። በሰባት ወሯ ተወልዳ ገና ስም እንኳ አልወጣላትም።

የሦስቱን ሕፃናት ትንፋሽ የሚከታተለው በሊኑክስ ፕሮግራም የሚሠራ አንድ ኮምፒውተር ነው። ትንፋሽ ሲያጥር ማንቂያ ያስጮኻል፤ እሱ ራሱ ከቆመ ግን ሕፃን በሰው መሀል ተኝቶ ሳይታወቅ ሊያልፍ ይችላል። ማክሰኞ አንዴ፣ ረቡዕ አንዴ ቆሟል ተብሎ ነው የተጠራችው።

“ስክሪኑ ላይ ያለው ሰዓት እያየነው ድንገት ዘጠኝ ደቂቃ ይዘላል” አሉ ተረኛዋ ነርስ ሲስተር አስካለ። “የግድግዳውን ሰዓት ስናይ እውነትም ዘጠኝ ደቂቃ አልፏል። ቶሎ አጥፍተን እናበራዋለን።”

“እሱ ነው ስሕተቱ፣ ሲስተር። ሲያጠፉት የመዘገበው ሁሉ አብሮ ይጠፋል።”

“ደንግጠን ነዋ ልጄ! ደግነቱ ልጆቹን ምንም አልነካቸው። እንዲያውም አንደኛውና ሁለተኛው ከዚያ ወዲህ አልቅሰው አያውቁም፤ ተመስገን ነው።”

የውብዳር ያልጠረጠረ ተመነጠረ ባይ ናት። መጀመሪያ መብራቱን ጠረጠረች፣ ቀጥሎ ሜሞሪውን፣ እግዜር ይቅር ይበላትና ሲስተር አስካለንም ጠረጠረች። ገመድ ልትፈትሽ በአንደኛው ሳጥን አጠገብ ስታልፍ ከመድኃኒቱ ሽታ ሥር ሌላ ሽታ አፍንጫዋን ነካት፤ ገና የተቆፈረ እርጥብ አፈር ይሸታል። ሕፃኑ ነቅቷል። እዚያ ዕድሜ ላይ ያለ ልጅ ሰው ለይቶ እንደማያይ ታውቃለች፤ ይሄኛው ግን እስክታልፍ ድረስ ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም። ሁለተኛው ሳጥን ጋ ስትደርስ ቀና ብላ ማየት ፈራች።

ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ፕሮሰሰሩን፣ አንድ ሰዓት ሙሉ በከባድ ስሌት አስጨነቀችው፤ ማራገቢያው አጓራ እንጂ ማሽኑ ንቅንቅ አላለም። ይሄን ጠባይ ታውቀዋለች። ሥራ ሲበዛበት የሚጸና፣ ሥራ ሲያጣ ግን ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ገብቶ መንቃት የሚያቅተው ፕሮሰሰር አለ። ስለዚህ እንቅልፉን ከለከለችው። የሚሆነውን ሁሉ በየሰከንዱ ዲስክ ላይ እንዲጽፍም አዘዘችውና ወንበር ስባ ከስክሪኑ ፊት ተቀመጠች። ሲስተር አስካለ ከኋላዋ ፎጣ ያጥፋሉ፤ ልጅቷ ታለቅሳለች። ለቅሶዋ ሆዷን ቢያባባትም እስካለቀሰች ድረስ እየተነፈሰች ነው ብላ ተጽናናች።

ስክሪኑ 8:41 ይላል። ዓይኗን አልጨፈነችም፤ በዚህ ትምላለች። ስክሪኑ 8:50 አለ።

“ይኸው! አሁንም ቆመ!” አሉ ሲስተር አስካለ።

“አይንኩት!” አለች የውብዳር። የአፈሩ ሽታ አሁን ክፍሉን ሞልቶታል። መዝገቡን ከፈተችና ክፍተቱን ፈለገች። ማሽን ሲቆም መጻፉንም ያቆማል፤ ከ8:41 እስከ 8:50 ባዶ መሆን ነበረበት።

አንዲት ሰከንድ አልጎደለችም።

8:41፣ የሦስተኛው ሳጥን በር ተከፈተ። 8:41፣ ማንቂያ ጮኸ። 8:42፣ ማንቂያው ይጮኻል፣ የመለሰ የለም። 8:43፣ የመለሰ የለም። 8:44፣ የመለሰ የለም። ማንቂያው ከራሷ በላይ ግድግዳው ላይ ነው የተሰቀለው፤ እሷ ግን አንድም ድምፅ አልሰማችም። መስመር በመስመር ወደ ታች ወረደች። 8:50፣ ማንቂያ ቆመ። 8:50፣ በር ተዘጋ።

ኮምፒውተሩ አንድም ቀን ቆሞ አያውቅም። ዘጠኝ ደቂቃ ሙሉ የቆሙት እሷና ሲስተር አስካለ ናቸው። ዘወር ማለት ፈለገች፣ አንገቷ እምቢ አላት። ሲስተር አስካለ ከኋላዋ ጫማቸውን እየጎተቱ ወደ ሦስተኛው ሳጥን ሄዱ፤ ጎንበስ ሲሉም የተደገፉት ሳጥን ሲጢጥ አለ።

“እንኳን ደስ አለሽ የውብዳርዬ” አሉ በደስታ፤ “ያንቺዋም ለቅሶዋን ተወች።”