ድምፅ የሌለው ኮምፒውተር

ልጅቷ ሱቁ ውስጥ ገና ከመግባቷ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን አንዱ ኮምፒውተር ላይ ለጠፈች።

እዚያ የነበረው ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አያት። ለዕይታ የተደረደሩት ኮምፒውተሮች በቀይና በሰማያዊ መብራት ይንቦገቦጋሉ፤ የገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው መብራቱን ነው። እሷ መብራቱን ከቁም ነገርም አልቆጠረችው። አንዱን አዳመጠች፣ ፊቷን አጨማደደች፣ ወደሚቀጥለው አለፈች።

ገጣጣሚው ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ ይመለከታታል። ሲሠራ ብሎን በከንፈሩ ይዞ ስለሚያወራ ሰዉ ሁሉ የሚጠራው «ብሎን» እያለ ነው፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስም የለ። ብሎኑን ከአፉ አውጥቶ ምን እንደምትፈልግ ጠየቃት።

«ድምፅ የሌለው ኮምፒውተር» አለች።

«ስፒከር የሌለው?»

«አይደለም። ራሱ ዝም የሚል።»

የቪዲዮ ኤዲተር ናት። ከመሥሪያ ቤት ወጥታ ቤቷ ሆና ልትሠራ ነው፤ ዕቃውን መርጦ የሚገጥምላት ሰው ትፈልጋለች። ብሎን በልቡ ሳቀ። ለዚህ ሥራ ጠንካራ ፕሮሰሰር የግድ ነው፤ ጠንካራ ነገር ይግላል፤ የጋለውን የሚያበርደው ፋን ነው፤ ፋን ደግሞ ይጮኻል። ከሁለቱ አንዱን እንድትመርጥ ነገራት።

«ሁለቱንም ነው የምፈልገው» አለች። «ካልቻልክ ሌላ ጋ ልሂድ።»

ካልቻልክ! ይቺ ቃል ከነከነችው። እችላለሁ አለ፤ አፉን ሞልቶ።

ከዚያ በኋላ ዕቃ ፍለጋ አብረው ከሱቅ ሱቅ ዞሩ። ማዘርቦርዱን መረጡ፣ ራሙን መረጡ፣ ሁሉን የሚይዘውን ሳጥን ኬዙን መረጡ፤ ፋኑ ላይ ሲደርሱ ግን ነገር ቆመ። እሷ እያንዳንዱን አስነስታ፣ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። ብሎን በትዕግሥት ያስረዳታል፤ ትልቁ ፋን ቀስ ብሎ ዞሮ ብዙ አየር ይገፋል፤ ትንሹ ያንኑ ለመግፋት መሮጥ አለበት።

«ስለዚህ የሚጮኸው ትንሹ ነው» አላት። «እንደ ሰው።»

ሳቀች። ሳቋ ወዲያው ነው የሚጠፋው፤ የሆነ ነገር ትዝ ብሎት እንደሚጣደፍ ሰው ሰዓቷን አይታ ትሄዳለች። እንግዲህ ሰውን ፍቅር በስንቱ ይይዘዋል፤ አንዱን በዓይን፣ አንዱን በአረማመድ። ምስኪኑን ብሎን የያዘው ዓይኗን ጨፍና ፋን ስታዳምጥ ነው። ቢናገረው ማን ያምነዋል?

አንድ ነገር ብቻ አልገባውም። ኮምፒውተር የሚገጥመው ማሽኑ ከሚቀመጥበት ቤት ሄዶ ነው፤ አቧራውን፣ ሙቀቱን አይቶ። ቤትሽ ልምጣ ሲላት ግን ፊቷ ተለዋወጠ። ቤት አይሆንም አለች፤ ምክንያቱን አልተናገረችም።

ታዲያ አንድ ቀን ያዘዙት ግራፊክስ ካርድ፣ ምስል የሚያቀናብረው ዕቃ፣ መምጣቱን ሊነግራት ደወለ። ገና «ሃሎ» እንዳለች ከአጠገቧ የወንድ ሳል ተሰማ። ቀጥሎም የወንድ ድምፅ፤ ማን ነው የደወለው ይላል።

«ማንም አይደለም» አለች ለሰውየው፤ በሹክሹክታ። ስልኩም ተዘጋ።

ማንም አይደለም። ብሎን ቀኑን ሙሉ ይህችን እያመነዠከ ዋለ። ለካ ባል አላት። ቤት አይሆንም ያለችውም ለዚህ ኖሯል። እሱ ሞኙ ስለ ማሽን እያወራ ልቡን አውጥቶ ባንኮኒ ላይ አስቀምጧል።

እዚህ ላይ ለእሱ ምክንያት መፈለግ አይቻልም፤ ያደረገው ነገር ክፉ ነው። አብረው የመረጧቸው ፋኖች ከጀርባው መደርደሪያ ላይ ተቀምጠው ነበር። ትቷቸው ከኬዙና ከፕሮሰሰሩ ጋር የመጡትን ርካሾቹን ገጠመ። ሲያስነሳው እንደ ወፍጮ አጓራ። ባሏ ጋ ይጩኽ ብሎ ክዳኑን ዘጋና በመልእክተኛ ላከላት።

በሁለተኛው ቀን መጣች። ያን የሚያህል ማሽን በሁለት እጇ አቅፋ ነው የገባችው። ዓይኗ ቀልቷል። ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

«ምነው፣ ባልሽ አልወደደውም?» አላት።

«ባል?» ብላ ቀና አለች። «ባል የለኝም። አባቴ ነው ያለው።»

ብሎን በከንፈሩ የያዘውን ብሎን አወጣ።

«ሳንባው ታሟል» አለች። «የምንኖረው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። እኔ ስሠራ እሱ ከኋላዬ ይተኛል፤ ትንፋሹን እየሰማሁ ነው የምሠራው። ሲቆራረጥ ተነሥቼ ቀና አደርገዋለሁ፣ መድኃኒቱን እሰጠዋለሁ። ድምፅ የሌለው ያልኩህ ለቅንጦት መሰለህ? ትናንት ይሄ ሲጮኽ ትንፋሹን ሸፈነብኝ... ዞር ስል ከንፈሩ ጠቁሯል።»

«ተረፈ?»

«ተርፏል።»

ለምን እንዳልነገረችው ጠየቃት። ከዚህ በፊት ለፈለጓት ሁለት ወንዶች ነግራ እንደነበር ነገረችው። ሁለቱም አዘኑላት፤ ሁለቱም አልተመለሱም። አባቷም ሁለቱንም ጊዜ ልጄ ሰው አገኘች ብሎ ተስፋ አድርጎ፣ ሁለቱንም ጊዜ ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ ሳምንት እህል አልቀምስም አለ። ለዚያ ነው ስልኩ ላይ ማንም አይደለም ያለችው።

ብሎን ዝም ቢል ነገሩ በዚያው ያልፍ ነበር። የፋብሪካ ስህተት ነው ቢላት ታምነዋለች። አልቻለም።

«የመረጥሻቸውን ፋኖች አውቄ ነው ያልገጠምኳቸው» አላት። «ባል ያለሽ መስሎኝ... ተናድጄ።»

ማሽኑን ወደ እሱ ገፋችው።

«ማሽኑን አስተካክል» አለች። «ከዚያ ወዲያ ወሬ የለንም።»

በማግሥቱ ማሽኑንና ዕቃውን ይዞ፣ እዚያው ሊገጥመው፣ ቤቷ ሄደ። በር ከፍታ ያለ ሰላምታ አሳለፈችው። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ የእሷ ጠረጴዛ ከመስኮቱ ሥር፣ አልጋው ከኋላው። ሽማግሌው በትራስ ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ብሎን ቦርሳውን ሳይከፍት ከአልጋው አጠገብ ተቀምጦ ትንፋሻቸውን አዳመጠ። ቀጭን ነው፤ መጨረሻው ላይ ያፏጫል።

«ሐኪም ነህ?» አሉ ሽማግሌው ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«አይ አባባ፣ ኮምፒውተር ገጣጣሚ ነኝ።»

«ታዲያ የእኔን ምን ታዳምጣለህ?»

«ማሽኑ ከእርስዎ በታች እንዲናገር ነው።»

አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። «ያ ማንም ያልሆነው ሰው አንተ ነህ?»

ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ብሎን ሁሉንም እንደ አዲስ መረጠ። ባለ ሦስት ፋኑን ግራፊክስ ካርድ አውጥቶ ፋን የሌለውን፣ ደከም ያለውን ገጠመ። ሥራዋ እንደሚዘገይባት ነገራት፤ ግድ የለም አለች። ፕሮሰሰሩ ላይ ትልቅ ማቀዝቀዣ ብረት አሰረ፣ ቀስ ብለው የሚዞሩትን ሰፋፊ ፋኖች አስገባ፣ የኬዙን ግድግዳ በስፖንጅ ሸፈነ። ከዚያ አስነሳው። ሦስቱም አዳመጡ። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የአባቷ ትንፋሽ ብቻ ነበር።

እሷ አለቀሰች። ይቅርታ ማድረጓን በአፏ አልተናገረችም፤ ግን ሲወጣ በሩ ድረስ ሸኘችው።

ከዚያማ ብሎን አቧራ ልጥረግ እያለ መመላለስ ጀመረ። የት የመጣ አቧራ! ሽማግሌው ገብቷቸዋል፤ ግን እያዩ ዝም አሉ። አንድ ቀን ልጅቷ ለገበያ ስትወጣ ጠብቀው እጁን ያዙት።

«ልጄን ውሰዳት» አሉት። «የእህቴ ልጅ እኔን እወስድሃለሁ ብላለች። ከእንግዲህ ለልጄ ሸክም አልሆንባትም።»

«አባባ፣ ከእርስዎ ነጥዬ ብወስዳት ጆሮዋ እዚህ ይቀራል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«እኔ ልምጣ።»

ለእሷም የነገራት ይህንኑ ነው፤ እዚያው በር ላይ፣ ዘንቢሏን ሳታስቀምጥ። ክፍሉ እኮ አንድ ነው አለችው። ጠረጴዛውን ትንሽ እገፋዋለሁ አላት። ያለ ብዙ ወግ ተጋቡ፤ መጋረጃ ሰቅለው ሦስት ሆነው መኖር ጀመሩ። ትንፋሹን በተራ ያዳምጣሉ። ለዓመታት በአንድ ዓይኗ የተኛች ሴት አሁን ሙሉ እንቅልፍ ተኛች፤ ጎረቤት ወፈርሽ እያለ ቀለደባት።

በዝናቡ ወቅት አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሥራዋን ጨርሳ ጋደም አለች። ተራው የብሎን ነበር። የሽማግሌው ትንፋሽ ድንገት ሳሳ። ቀና አደረጋቸው፣ መድኃኒቱን ሰጣቸው፤ አልመለስ አለ። ሽማግሌው ሰዓታቸው እንደደረሰ አውቀዋል። በእጃቸው ወደ መጋረጃው አመለከቱ።

«አትቀስቅሳት» አሉ። «ትተኛ... ደክሟታል።»

ብሎን ጨነቀው። የሟች ቃል ነው። አንድ ጊዜ ግን ይህን ትንፋሽ ከልጅቷ ጆሮ ነጥቋል። ሁለተኛ አይነጥቃትም።

«ይቅር ይበሉኝ አባባ» ብሎ ስሟን ጠራ።

ከእንቅልፏ ተነሥታ ሮጠች። አልጋው ላይ ወጥታ ራሷን አባቷ ደረት ላይ አሳረፈች። ሽማግሌው እጃቸውን ፀጉሯ ላይ አደረጉ። ትንፋሻቸው ቀስ እያለ፣ እየራቀ፣ እየሳሳ ሄደና ቆመ። እሷ ቶሎ ቀና አላለችም።

«ሰማሁት» አለች በመጨረሻ። «የመጨረሻዋን ትንፋሽ ሰማኋት።»

«እንዳልቀሰቅስሽ ነግረውኝ ነበር» አለ ብሎን።

«አውቃለሁ። አባቴ አይደል? ብትተወኝ ምንም አልልህም ነበር። ግን ዕድሜ ልኬን ስፈልጋት እኖር ነበር።»

ብሎን በሰው ፊት አልቅሶ አያውቅም። ያን ዕለት ድምፁን ከፍ አድርጎ እንደ ልጅ አለቀሰ። አባቷን ያጣችው እሷ ስትሆን፣ አቅፋ ያባበለችውም እሷ ናት።