ካካዎ አይታጠብም

ታደገ የካካዎዋን ፍሬ ለሁለት ሲሰነጥቃት ክው አለ። ውስጧ ቡናማ መሆን ሲገባው ግራጫ ነበር። ሌላ ሰነጠቀ፤ ያው ግራጫ። ከሃምሳው ፍሬ አርባ ስምንቱ እንዲያ ሆኖ ተገኘ።

ነገሩ የሆነው እንደ ፈረንጆቹ በ2014 ጥር ማብቂያ፣ አትላንታ በሁለት ጣት በረዶ ተሽመድምዳ ሰዉ መኪናውን መንገድ ላይ ጥሎ በሸሸ ማግስት ነው። ታደገና ፎርክሊፍት የምትነዳው ፈትያ ኮንየርስ ባለው መጋዘናቸው ካርቶን አንጥፈው አድረዋል። ናሙናው የመጣው ከጋና ነው፤ ታደገ በቪዲዮ ካሠለጠናቸው አርባ ገበሬዎች።

ጥፋቱ የራሱ ነው፣ በማንም አይላከክም። ታደገ ይርጋለም ከተማ በቡና ማጠቢያ ጣቢያ አሥራ ሰባት ዓመት ያገለገለ ሰው ነው። ዲኬተር ያለ አንድ ትንሽ ማኅበር ገበሬ የሚያሠለጥን በጎ ፈቃደኛ ሲፈልግ ቀድሞ እጁን አወጣ። ቡና የሚያውቅ ካካዎ ያቅተዋል እንዴ! «ፍሬውን አንድ ሌሊት አሳድሩና ዝልግልጉን እጠቡት» ብሎ አስተማረ። ለቡና ምክሩ ወርቅ ነው። ካካዎ ግን ዝልግልጉ እንዳለ፣ በሙዝ ቅጠል ተሸፍኖ ስድስት ቀን ካልፈላ ውስጡ ግራጫ ሆኖ ይቀራል፣ ጣዕምም የለውም፤ ገዢም ዞር ብሎ አያየውም። ታደገ ይህን አንብቦ የተረዳው ገና አሁን፣ ፍሬውን ከሰነጠቀ በኋላ ነው፤ አወይ ድፍረት።

ዋናው አዝመራ ነገ ጠዋት ይታጠባል። ገበሬዎቹ ትምህርት ቤት ተሰብስበው ከእሱ ጋር በቪዲዮ የሚገናኙት ዛሬ፣ በአትላንታ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። የቪዲዮው መስመር ያለው በማኅበሩ ቢሮ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ሲሆን የቢሮው ቁልፍ ደግሞ ታደገ ኪስ ውስጥ ነው።

«የመኪናው መንገድ ዝግ ነው፤ በባቡር ሐዲዱ በእግሬ እሄዳለሁ» አለ። «ቀጥ ብሎ ዲኬተር ያገባል። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው።»

«ጋሽ ታደገ፣ ላይክ፣ ዝም ብትል ማን ያውቃል?» አለች ፈትያ። «በሚቀጥለው ፊክስ ታደርገዋለህ።»

«የአርባ ቤተሰብ የዓመት ጉርስ ነው፣ ፈትያ።»

ፈትያ ጃኬቷን ቆለፈች። ቤቷ ክላርክስተን፣ እዚያው ሐዲዱ ዳር ነው፤ ደግሞም ሽማግሌ ብቻውን በበረዶ ሲሄድ ቆማ የምታይ ልጅ አልነበረችም።

ከጠዋቱ በአንድ ሰዓት ወጡ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የጥዱ ቅርንጫፎች በረዶ ከብዷቸው ቀጭ እያሉ ይወድቃሉ፤ ከሐዲዱ በታች ያለው እንጨት ሁሉ መስተዋት ሆኗል። ታደገ ሁለት ጊዜ ወደቀ፣ ሁለት ጊዜም ተነሣ።

የሎው ሪቨር የሚሉት ወንዝ ድልድይ ላይ ሲደርሱ መደገፊያ የለም፤ ከእግራቸው ሥር በእንጨቶቹ መሃል ውሃው ይታያል። ግማሹን እንደ ተሻገሩ ሐዲዱ ማጉረምረም ጀመረ።

«ባቡር ነው! ሩጥ!»

ሮጡ። የባቡሩ ጡሩንባ ጀርባቸው ላይ ሲጮኽ ድልድዩን ጨርሰው ከሐዲዱ ወደ ጎን ቁልቁለቱ ዘለሉ። ታደገ በቁጥቋጦው ላይ ተንከባለለና ቁርጭምጭሚቱ ወለም አለ። ባቡሩ አልፎ ሲያልቅ ፈትያ እጁን ይዛ አነሣችው።

ከሊቶኒያ የድንጋይ ካባ ዘንድ ደግሞ አራት የተራቡ ውሾች ከበቧቸው። ታደገ ዱላ አነሣ፤ ትልቁ ውሻ የሱሪውን ጫፍ ነክሶ ቦጨቀው። ፈትያ ምሳዋን፣ አንድ ሙሉ ሳህን ቋንጣ ፍርፍር፣ ወደ ጫካው ወረወረችው። ውሾቹ ተከትለውት ሄዱ።

«በርበሬው ያቃጥላቸዋል» አለ ታደገ እያነከሰ።

«ለውሻ ዳቦ ይዤ የምዞር መሰለህ? ያ የራሴ ምሳ ነበር» አለች እሷ።

ስቶን ማውንቴን አጠገብ የሐዲድ ጠባቂ አገኛቸው። ሐዲድ ላይ መሄድ ክልክል ነውና ሰውየው አልተሳሳተም፤ ቢለምኑት ግን አልሰማም፤ ጫካ ውስጥ አስገብቶ አባረራቸው። በእሾህና በጭቃ አንድ ሰዓት ተኩል ባከነ። ክላርክስተን ሲደርሱ ታደገ «ግቢ፣ ቤትሽ ነው» አላት። ፈትያ ክንዱን አንገቷ ላይ አድርጋ ደገፈችው፤ እየጎተተች እስከ ዲኬተር ወሰደችው።

ዘጠኝ ተኩል ላይ የቢሮውን በር ከፈቱ። ታደገ ጣቶቹ ስለደነዘዙ ኮምፒዩተሩን ያበራችው ፈትያ ናት። ምስሉ ሲመጣ ገበሬዎቹ በጄኔሬተር መብራት አግዳሚው ላይ ተደርድረው እየጠበቁ ነበር።

ታደገ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ይቅር በሉኝ» አለ በእንግሊዝኛ። «ካካዎ አይታጠብም። ያሳሳትኳችሁ እኔ ነኝ፤ ነገ እንዳታጥቡ።»

የመንደሩ አስተማሪ ወደ ቋንቋቸው መለሰላቸው። ከዚያ ከኋላ አኮሱዋ የሚባሉ አሮጊት ተነሡ፤ በስድስቱም ትምህርት ከአግዳሚው ጠፍተው የማያውቁ ሴት ናቸው። አስተማሪው ያሉትን ተረጎመ።

«ካካዎ እንደማይታጠብ እናውቃለን። እናቴ በሙዝ ቅጠል ስታፈላ እያየሁ ነው ያደግሁት። ግን ለእኛ ብሎ የሚደክምን ሰው ተሳስተሃል ማለት ነውር ነው። ስለዚህ አጠብን። ለነገም ውሃ ቀድተናል።»

ታደገ አፈረ፤ ፊቱ ጋለ። ስድስት ትምህርት ሙሉ ሲያወራ አንድ ቀን እንኳ «እናንተስ እንዴት ታደርጉታላችሁ?» ብሎ አልጠየቀም። እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጡት የካካዎ ልጆች ነበሩ፤ እሱ ግን አፍ እንጂ ጆሮ ይዞ አልሄደም።

ከፈትያ ብዕር ተቀበለ፣ ወንበሩን ወደ ምስሉ አስጠጋ።

«እንግዲያው እማማ፣ ዛሬ እርስዎ ያስተምሩ። እኔ እጽፋለሁ።»

አሮጊቷ ትንሽ አሰቡና ነጠላ ጨርቃቸውን ትከሻቸው ላይ አጣፍተው ወደ ጎረቤቶቻቸው ዞሩ።

«መጀመሪያ» አሉ፣ «ያን ውሃ ደፍተን እንምጣ።»

አርባዎቹም እየሳቁ ተነሡ፤ ታደገም በባዶው አግዳሚ ፊት ብዕሩን ይዞ ጠበቃቸው።